ውዱን መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱም 43 ሜትር ነው። 1.4 ቢሊዮን ብር ገደማ ወጥቶበታል። ከእሱ በፊት የነበረው ድልድይ ከስድሳ ዓመት በላይ ከተማዋን ከዓባይ ማዶ ጋር ሲያገናኝ ኖሯል፤ ቢጠብም ቢደክምም ሰውና መኪና ያሻግር ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ቀለልና ጠበብ ያለ ድልድይ አይበቃም ነበር ወይ? ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ይኸው ጥያቄ መጠኑ አንሶ በየቤቱ፣ በየቀኑ ይነሣል። ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮ መደብር ውስጥ ቆሞ፣ እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ጫማ ስትመርጥ፣ የጣና ዓሣ አስጋሪ መረብ ሲገዛ፣ ሁሉም የሚያወጡት የሚያወርዱት አንድ ነገር ነው፦ ጨምሬ ጠንካራውን ልውሰድ ወይስ ርካሹ ይብቃኝ? ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ተሳስቶ የመረጠ ሰው ስሕተቱን የሚከፍለው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። አንዱ ወገን ርካሽ ዕቃ መልሶ ገበያ ያወጣል ብሎ ሁልጊዜ ወደ ውዱ ያዘነብላል። ሌላው ወገን ጭማሪው የስምና የማሸጊያ ነው፣ ዕቃው ያው ነው ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ችግራቸው የትኛው ዕቃ ላይ የትኛው አባባል እንደሚሠራ አለመናገራቸው ነው። እኔ የማምንበት መለኪያ የሚጀምረው ከዋጋው ሳይሆን ከብልሽቱ ነው። ውዱን መግዛት የሚያዋጣው ዕቃው ቢበላሽ የሚያስከትለው ጉዳት ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ሲሆን፣ ጥራቱንም ከመክፈላችን በፊት ማረጋገጥ ስንችል፣ የምንጨምረው ገንዘብም ዛሬ ከዚያ የባሰ ጉድለት የማይከፍትብን ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ርካሹን መግዛት ስስት አይደለም፤ ብልህነት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ከጣና ዳርና ከሌላው የሀገራችን ኑሮ የተወሰዱ ማስረጃዎች ይህን የሚያሳዩ ይመስለኛል።

ከጣራ እንጀምር። በሀገራችን የጣራ ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ጌጁን ጫፉን ይዘው ሲያነሡት ይወዛወዛል፣ ትንሽ ሲጫኑት ይታጠፋል፤ ባለ 28ቱ ግን ክብደቱ በእጅ ይታወቃል። የሁለቱን የዋጋ ልዩነት ማንም ያያል። የማይታየው ግን ጣራ ቆርቆሮ ብቻ አለመሆኑ ነው። ማገር አለው፣ ሚስማር አለው፣ የአናጢ ጉልበትና የጭነት ኪራይ አለው። እነዚህ ወጪዎች ለስሱም ለወፍራሙም እኩል ናቸው። ስለዚህ ስሱን የመረጠ ሰው የቆጠበው ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱን ሲሆን፣ ቆርቆሮው ዝጎ ሲያፈስ ግን አናጢውንም ሚስማሩንም ጭነቱንም እንደገና ይከፍላል። በጣና ዙሪያ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጣራ የሚያፈሰውም በዚያ ጊዜ ነው፤ እህሉ፣ ፍራሹና የልጆቹ ደብተር ከሥሩ እያሉ፣ ለመጠገንም አመቺ ባልሆነ ወቅት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር የኤሌክትሪክ ገመድና የውኃ ቧንቧም እንዲሁ ነው። ቧንቧው ሲፈነዳ የሚፈርሰው ልስኑና ቀለሙ ነው፤ ገመዱ ሲቃጠል የሚጠፋው ቤቱ ነው። ከተቀበረ ወይም ከተሰቀለ በኋላ ለመቀየር ሌላ ነገር ማፍረስ የሚጠይቅ ዕቃ ሁሉ ጭማሪ ሊከፈልበት ይገባል።

ይህ ማለት ግን የቤቱ ዕቃ በሙሉ ከምርጡ ይሁን ማለት አይደለም። አንድ ዕቃ ራሱ በውስጡ ሁለት ዓይነት ክፍል ሊኖረው ይችላል። ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ናት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በብስክሌት ይንቀሳቀሳል። ብስክሌትን ከፍሎ ላየ ሰው ፍሬኑና የፍሬኑ ሽቦ፣ ጎማውና መሪው አንድ ወገን ናቸው፤ ደወሉ፣ ጭቃ መከላከያውና ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ደግሞ ሌላ ወገን። ጭቃ መከላከያው ቢሰበር ሱሪ ይቆሽሻል። የፍሬኑ ሽቦ ባጃጅና መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ላይ ቢበጠስ የሚሰበረው የሰው አጥንት ነው። ዋጋቸው ግን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። በጀት የጠበበበት ሰው ብስክሌቱን በሙሉ በመካከለኛ ዕቃ ከሚሞላ፣ ደወሉን ከርካሹ ገዝቶ ፍሬኑን ከጠንካራው ቢያደርግ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ብስክሌት ይኖረዋል። ጥራት በየቦታው እኩል የሚበተን ነገር አይደለም፤ አደጋው ወዳለበት ቦታ ተመርጦ የሚሄድ ነው።

ርካሹ ራሱ ትክክለኛ ምርጫ የሚሆንበትን ቦታ ለማየት ደግሞ ከጣና የደንገል ታንኳ የተሻለ አስተማሪ የለም። በሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የመሥራት ጥበብን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያወርስ ኖሯል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ተጣምረው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀሰራል። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ መልስ ዳር ላይ ተገትሮ እንዲደርቅ ይደረጋል። ያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ቢበዛ ዓመት ቢያገለግል ነው። ዕድሜን ብቻ የሚቆጥር ሰው ለብዙ ዓመት የሚያገለግለው የብረት ወይም የፋይበር ጀልባ ይሻላል ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። የታንኳው ጥሬ ዕቃ እዚያው ዳር ላይ ይበቅላል፤ ሠሪውም ጠጋኙም ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ነዳጅና መለዋወጫ አይጠይቅም፤ ቢጠፋ ወይም ቢበሰብስ የሚከስረው ጥቂት ነው። ዳር ዳሩን መረብ ለሚጥል ወይም ከዘጌ እንጨት ጭኖ ለሚመጣ ሰው የብዙ ዓመት ገቢን በአንድ ጀልባ ላይ ማሰር ጥራት መግዛት ሳይሆን ዕዳ መግዛት ነው። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ወይም ወደ ጎርጎራ ብዙ ሰው አሳፍሮ ለሚሻገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የሰው ሕይወት ስለሆነ ጠንካራ ጀልባ፣ የተፈተሸ ሞተርና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት የግድ ነው። ሐይቁ አንድ ነው፤ የጥፋቱ መጠን ግን የተለያየ ነው።

በየቀኑ የምንጠቀምበት ዕቃ ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ ከአደጋ ይልቅ ከጊዜ ጋር ይያያዛል። ላቀች የሚባለው ባለሸክላ የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይወደዳል። ውስጡ ያለው የሸክላ ልባስ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ ግን ከሰል ሩብ ያህል ይቆጥባል። በወር አንድ ጆንያ ከሰል የሚፈጅ ቤት በዚህ ሒሳብ በአራት ወር አንድ ሙሉ ጆንያ ይተርፈዋል፤ በዓመት ሦስት። የሁለቱ ምድጃዎች የዋጋ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ ስለሚያንስ፣ ጭማሪው በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሶ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ከሰል ለበዓል ቡና ብቻ ለሚያቀጣጥል ቤት ግን ይኸው ምድጃ ያን ያህል አይጠቅምም፤ የሚቆጥበው ነገር የለውምና። ስለዚህ ዕቃው ጥሩ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በእኔ ቤት፣ በእኔ አጠቃቀም፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል ተብሎ መጠየቅ አለበት። በየቀኑ የሚለበስ ጫማ፣ በየቀኑ የሚጣድ ምጣድ፣ ሌሊቱን የሚተኛበት ፍራሽ ጭማሪያቸው በብዙ ቀን ተካፍሎ ኢምንት ይሆናል። ለአንድ ሠርግ ብቻ የሚለበስ ልብስ ጭማሪው በአንድ ቀን ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር ይነሣል፦ የድሮ ሰው ሁሉንም ነገር አጠንክሮ ይሠራ ነበር፣ ስለዚህ እኛም እንደዚያ ማድረግ አለብን የሚል። ማስረጃው ቅርብ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል። በጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳ ቆዳ ይፈልጋል። ወጪው ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የድሮ ዕቃ ሁሉ ጠንካራ ነበር ማለት ስሕተት ነው። በዚያው ዘመን የተሠሩት የእንጨት መሻገሪያዎች፣ የሣር ክዳኖች፣ የደንገል ታንኳዎች የሉም፤ ጠፍተዋል። ዛሬ የምናየው የቆየውን ብቻ ስለሆነ ሁሉም የቆየ ይመስለናል። አባቶቻችን ሁሉንም በውድ አልሠሩም። ለትውልድ የሚነበበውን በብራና፣ ወንዙን የሚሻገሩበትን በኖራ፣ ዓሣ የሚያሰግሩበትን በደንገል ሠሩ። ሊወረስ የሚገባው ይህ አመዳደባቸው ነው።

ጥራት ማለትም ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያው ከዓባይ ሌላ ምሳሌ አለ። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተንጠለጠሉ ሲሻገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሰው ክፍል በብረት ተጠገነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጎርፍ ወሰደው። በመጨረሻ የተሠራው ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው። ብረት ከገመድ እጅግ የጠነከረ ዕቃ ነው፤ በዚያ ቦታ የጎደለው ግን ከፍታ እንጂ ጥንካሬ አልነበረም። ገዢም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ለማያስፈልገው የጥራት ዓይነት ይከፍላል። ለመደወልና መልእክት ለመላክ ብቻ የሚፈልገውን ስልክ በካሜራው ጥራት ተማርኮ እጥፍ ከፍሎ የሚገዛ ሰው የከፈለው ለሌላ ሰው ፍላጎት ነው። ጭማሪ ከመክፈል በፊት ጭማሪው የትኛውን የእኔን ችግር ይፈታል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እስካሁን ያየነው ገዢው ራሱ ተጠቃሚም ተጎጂም የሆነበትን ነው። ከባዱ ጉዳይ ርካሹን አንዱ ገዝቶ ዋጋውን ሌላው ሲከፍል ነው። የጣና ዓሣ ለዚህ አሳዛኝ ምስክር ነው። እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በሐይቁ ዓሣ የሚሰገረው በታንኳና በአጫጭር መረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይሎን መረብ መጡ፤ ምርቱም ጨመረ። ነገር ግን በጣና ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይያዙ ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ያለውን አነጻጽረው የእነዚህ ዓሣዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አሳይተዋል። በዚህ ላይ ከጊዜ በኋላ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከአንድ ነጠላ ቀጭን ክር የሚሠራ ርካሽ መረብ ተስፋፋ። ክሩ በውኃ ውስጥ ስለማይታይ ዓሣው አያመልጠውም፤ ዓይኑ ጠባብ ሲሆን ገና እንቁላል ያልጣለውን ጫጩት ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል። ቶሎ ስለሚበጣጠስ ቶሎ ይጣላል፤ የተጣለው ቁራጭ ግን ስለማይበሰብስ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

ይህን መረብ የሚገዛ አስጋሪ አላዋቂ አይደለም። ሒሳቡን ከማንም በላይ ያውቃል። መረቡ በጥቂት ቀን ዓሣ ዋጋውን ይመልሳል፤ እሱ ቢተወው ጎረቤቱ አይተወውም። ውድ የሆነውንና ሰፊ ዓይን ያለውን መረብ ብቻውን ቢገዛ፣ እሱ የለቀቀውን ትንሽ ዓሣ ማግስቱን ሌላው ይይዘዋል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሲታሰብ ርካሹ ያዋጣል፤ ለሐይቁ ሲታሰብ ግን ከሁሉ የተወደደ መረብ እሱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሸማቹን መምከር ዋጋ የለውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው፣ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ ያወጣው ለዚህ ነበር። ሕግ መጻፉ ግን አልበቃም፤ መረቡ በገበያ እስካለና በወንዝ አፍ ላይ ተቆጣጣሪ እስከሌለ ድረስ ሕግ አክባሪው የሚቀጣበት፣ ሕግ ጣሹ የሚጠቀምበት ሁኔታ ይቀጥላል። ለጥራት መክፈል የሚያዋጣው ሁሉም አብሮ ሲከፍል ብቻ የሆነ ዕቃ አለ። ያን ጊዜ ጥያቄው የገዢው መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩና የመንግሥት ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያ ጥራትን ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ መቻል ነበር። ገበያችን ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ማር ውስጥ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይገባል። አጭበርባሪው የተቀላቀለውን በርካሽ አይሸጥም፤ በንጹሁ ዋጋ ወይም ትንሽ ቅናሽ አድርጎ ነው። ስለዚህ ውድ መሆኑ ለጥራት ዋስትና አይሆንም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጥናት ይህን በአሮጌ መኪና ገበያ አሳይቶ ነበር። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጥሩውን የያዘ ሰው ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ለአከርሎፍ ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ አስተሳሰብ የእኛን የቅቤ ተራ በሚገባ ይገልጻል። ንጹሕ ቅቤ ይዛ ከገጠር የምትመጣው ሴት የድካሟን የማታገኘው ገዢው ስለሚንቃት ሳይሆን የሷን ከሌላው መለየት ስለማይችል ነው።

የኢትዮጵያ እናቶች ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን ያገኙት ያለ ምሁር እርዳታ ነው። በርበሬውን በዛላው ይገዛሉ፤ ራሳቸው ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ ደልዘው ያስፈጩታል። ጤፉን በእህልነቱ ይገዙና ወፍጮ ቤት ቆመው ይጠብቃሉ። ማሩን ከነሰፈፉ ያስመዝናሉ። ዕቃው ጥራቱ በዓይን በሚታይበት ደረጃ ላይ እያለ መግዛት ማለት ይህ ነው። ይህ በማይቻልበት ቦታ ደግሞ ደንበኝነት አለ። ለዓመታት ከአንድ ነጋዴ የሚገዛ ሰው ትንሽ ጨምሮ ቢከፍል የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው ስላለው ነው። የማያውቁትን ሻጭ አምኖ ውድ ከፍሎ ከመሄድ ግን ርካሹን ገዝቶ ጉዳቱን ማሳነስ ይሻላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይበልጥ የሚሠራው ውድ ሲገዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዋጋው ጥራትን ጨርሶ አይከተልም። ማኛ ጤፍ ከቀይ ጤፍ የሚወደደው በንጣቱና በክብሩ ነው፤ ለሰውነት የሚሰጠው ምግብ ስለሚበልጥ አይደለም። እንግዳ ለማክበር ነጩን መግዛት ያባት ነው። ልጆቼ ይጠንክሩ ብሎ ጭማሪ የሚከፍል ግን ጭማሪውን ለወተት ወይም ለእንቁላል ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሚነሣው በሦስተኛው መለኪያ፣ ጭማሪው ዛሬ የባሰ ጉድለት እንዳይከፍት በሚለው ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሒሳብ ገንዘብ ላለው ነው፤ የዕለት ጉርሱን ለሚያሳድድ ሰው ውዱ በረጅም ጊዜ ያዋጣል ማለት ስድብ ነው ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ድሃ ርካሹን የሚገዛው ሒሳብ ስለማያውቅ ሳይሆን ሙሉው ዋጋ በአንድ ጊዜ በእጁ ስለማይገባ ነው። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ከሰሉን በሳህን እየገዛ ከባለሀብቱ ይልቅ ለእያንዳንዱ መጠን አብልጦ ይከፍላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ልጁ ሳይራብ ማደሩ ከዓመት በኋላ ከሚመጣ ቁጠባ ይበልጣል፤ ርካሹን መግዛቱም ትክክል ነው። ነገር ግን መፍትሔው ምክር ሳይሆን ገንዘብ ማሰባሰቢያ መሆኑን ሕዝባችን ከጥንት አውቆታል። ዕቁብ ጥቂት ጥቂቱን ሰብስቦ ለአንዱ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ባለዕጣው ወፍራሙን ቆርቆሮ ወይም ጠንካራውን የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት አቅም ያገኛል። እድር ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ድንኳኑን፣ ትልልቁን ድስትና ወንበሩን ማንም ቤት ብቻውን ቢገዛ ኪሳራ ነው፤ በዓመታት አንዴ ነው የሚያስፈልገው። እድሩ ግን ጠንካራውን ገዝቶ በየተራ ለሁሉም ስለሚያውለው ለእያንዳንዱ ቤት ርካሽ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በሒሳብም እውነት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ መንግሥት ግዢ ብንመለስ የጠቀስናቸው መለኪያዎች እዚያም ይሠራሉ። በመንግሥት ጨረታ ብዙ ጊዜ መሥፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። አሠራሩ ሙስናን ለመከላከል አስፈላጊ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ በራሱም ነውር የለበትም። ጥፋቱ የሚጀምረው መሥፈርቱ ላላ ብሎ ሲጻፍ ነው። የተማሪ ዴስክ ስንት ዓመት ማገልገል አለበት፣ ብረቱ ምን ያህል ይወፍራል፣ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል ተብሎ ካልተጻፈ፣ ዝቅተኛው ዋጋ የሚያሸንፈው ዕቃው ስለሚያንስ ነው። ድልድይ ግን ከግድግዳ ውስጥ ገመድ ጋር የሚመደብ ነው። አንዴ ከተሠራ በኋላ ማስፋት ሌላ ድልድይ የመሥራት ያህል ያስወጣል፤ ቢወድቅ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው፤ አገልግሎቱም ለብዙ ትውልድ ነው። ስለዚህ በዓባይ ላይ ሰፊና ጠንካራ ድልድይ መሥራት ተገቢ ነበር እላለሁ። ይህ ፍርድ ግን ግዴታ አለበት። ለጥራት የተከፈለ ገንዘብ የሚያዋጣው ዕቃው ሲጠበቅና ሲጠገን ነው፤ የጥገና በጀት የማይያዝለት ውድ ሥራ ቀስ ብሎ ርካሽ ይሆናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ዋጋ ፊትዎ ሲቀርብ ዋጋውን ትተው ብልሽቱን ያስቡ። ሲበላሽ ሰው የሚጎዳበትን፣ ለመቀየር ሌላ ነገር የሚያስፈርሰውን፣ በየቀኑ የሚሠሩበትን በዓይንዎ አረጋግጠው ከጠንካራው ይግዙ፤ አቅም ካጠረ በዕቁብ ይጠብቁ። የቀረውን ያለ ሐፍረት ከርካሹ ይውሰዱ። የዓሣ አስጋሪ ማኅበራትና የክልሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ትተው የሞኖፊላመንት መረቡን ከገበያ ያውጡት፤ ሕጋዊውን መረብ በብድርና በማኅበር ግዢ አስጋሪው አቅም ላይ ያድርሱት። የጣና ነጭ ዓሣ አንዴ ካለቀ በየትኛውም ዋጋ ተመልሶ የሚገዛ አይደለም።